የካርቶኑ ጽሑፍ

ታይዋን ገበያ፣ ከሒርሲ ሱቅ በር፣
ማመልከቻ ጽፌ ከማድርበት ጥግ ሥር፣
ሒርሲ ካሜራ ይዞ ከነካርቶኑ መጣ፤
"ጋሼ፣ በቻይንኛው ገዢ ግራ ገባው፣ ጠጋ ብሎ ታጣ።
ባማርኛ ጻፍልኝ፣ አጭር፣ የሚያባብል፤
ሒሳቡ አስር ብር ነው ለእያንዳንዱ ቃል።"

"የማይተኛ ዘበኛ" ብዬ ጀመርኩለት፤
"እርስዎ ጅቡቲ ሳሉ የሚጠብቅ ቤት፣
በጨለማ የሚያይ፣ የማይረሳ ዓይን።"
ሒርሲ በጣቶቹ ቆጠረ ቃሉን።
መቶ አስር ብር ሆነ። ከኪሱ ሳይወጣ፣
ከከዚራ ወዲህ ኦቦ ሙመዴ መጣ፤
ባትሪውን ታጥቆ፣ በትሩን በብብቱ፣
ከዓይኑ ሳይለቅ የሌሊት ቅላቱ።

"ማመልከቻ ጻፍልኝ። ሥራ አስለቅቃኛለች፤
አስራ ዘጠኝ ዓመት በቆምኩበት በር ላይ ካሜራ ሰቅላለች።
ሴትየዋ ጅቡቲ ነች፤ በስልክ ነው የነገረችኝ፤
'የማይተኛ ዘበኛ ገዛሁ' ነው ያለችኝ።"

ለካ እኔ ያፈለቅሁት የመሰለኝ ቃል
ከኔ በፊት ወጥቶ ከተማ ዞሯል።

"ያንን አንብብልኝ" አለ። አነበብኩለት። ሰማ።
ከዚያ ወደ ሒርሲ ዞሮ፣ እንደ ዳኛ፣
"ይጮሃል?"
"ስልክ ላይ ጢን ይላል።"
"የማን ስልክ?"
"የባለቤቱ።"
"ባለቤቱስ ከተኛ?"
ሒርሲ ዝም።
"መብራት ሲሄድስ?"
"ይጠፋል አብሮ።"
"መስመር ሲቋረጥስ?"
"ሚሞሪ ከገባለት ያቆያል፣ አኑሮ።"
"ሰማዩ እዚህ ጠርቶ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣
ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ደርቦ፣
የጭቃውን ሽታ ቀድሞ ያሸታል?
በር እያንኳኳ ሰው ይቀሰቅሳል?"
"ያሳያል" አለ ሒርሲ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጎርፉን ያሳያል።"

ሰረዝኩ። "ዘበኛ"ን ከሁሉ አስቀድሜ ሰረዝኩ።
"በጨለማ የሚያይ" ወደሚለው ዞርኩ፦
እኛ የማናየው የራሱ መብራት አለው፤
ቀለም ግን አያውቅም በዚያ ሰዓት፤
ቀዩም ሻሽ፣ አረንጓዴውም ሻሽ፣ አመድ ነው።
"የማይረሳ"ን አጠፋሁ፤ ስምንተኛው ቀን ሲመጣ
የመጀመሪያውን ይፍቃል፣ ቦታ እንዳያጣ።
"የሚጠብቅ ቤት" የሚለው ደግሞ፦ ምስሉ ራሱ አያድርም ቤት፤
ስሙን ወደማናውቀው አገር ኮምፒውተር ይሻገራል ሌት በሌት።
ከካርቶኑ ጋር የመጣውን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚለውን
የይለፍ ቃል ሳይለውጥ የተወም ሰው፣
መስኮቱን ለመንገደኛ ከፍቶ እንደተኛ ነው።

ከታች እንዲህ ጻፍኩ፦
"ይህ ሌንስ ነው። ከፊቱ ያለፈውን ይቀዳል፤
መብራትና መስመር ካለ፣ ቁልፉን ለያዘ ስልክ ይልካል።
ሌባ አይዝም። ጎርፍ አይመልስም።
ሰው ካላየው፣ ያየው ነገር አልታየም።"

"ይሄን ማን ይገዛል?" አለ ሒርሲ። "ለዚህስ አልከፍልም።"
መቶ አስሩን ጣለልኝና
የተሰረዘበትን ወረቀት ይዞ ገባ።

ቀረን እኔና ሙመዴ። አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ።
"አመልካች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ በር ጠባቂ" አልኩ።
"ትተኛለህ?" አልኩት። "እውነቱን ልጻፈው።"
"ከዘጠኝ እስከ አስር፣ ዓይኔን ላሳርፈው
ጋደም እላለሁ። ግን አታስገባው እሱን።
ያን ካርቶኑ ላይ የሰረዝከውን፣
'የማይተኛ ዘበኛ' የሚለውን፣
ለኔ አድርግልኝ።
እሱም እንደኔ ሥራ ፈቷል አሁን።"

ከሱቁ በር በላይ፣ ለማሳያ የተሰቀለው
ቀይ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ነው።
የዛሬውን ረፋድ ቀድቶት ይሆናል፦
ጃንጥላ፣ በትር፣ ሁለት ሽማግሌ፤
አንዱ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣
እንደገና ይጽፋል።
ምን እንደጻፈ አይነበብም፤
እጁ ጋርዶታል።